በጥፍር ቀለም የተለጠፈው ስፒከር

ሽማግሌው ጊታሪስት አምፕሊፋየራቸውን አጎቴ ጥገና ቤት ያመጡት ሲበራ የሚያሰማውን ጉምጉምታ ብቻ እንድናጠፋላቸው ነበር። በድምፃቸው የተነሳ ሙዚቀኞች ጋሼ ሻካራ ይሏቸዋል። አምፕሊፋየሩ አሮጌ ነው፤ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች አሉት፤ ካልሞቁ አይናገሩም።

ጋሼ ሻካራ እጃቸውን ከላዩ ሳያነሱ ለምን እንደቸኮሉ ነገሩን። ሚስታቸውን የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። የባላቸውን ፊት አያውቁትም፤ ቤታቸው የገባ እንግዳ ይመስላቸዋል። በዚህ አምፕሊፋየር ብሉዝ ሲጫወቱላቸው ብቻ በስማቸው ይጠሯቸዋል። ጉምጉምታው ከበዛ ወዲህ ግን ሚስታቸው ጆሯቸውን ይይዛሉ።

አጎቴ ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመውን ያረጀ ካፓሲተር አውጥቼ አዲስ በየድኩበት፤ ጉምጉምታው ጠፋ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ውስጡ ያለው፣ ድምፁን የሚያወጣው የስፒከር ወረቀት ሁለት ቦታ ተቀዶ በቀይ የጥፍር ቀለም ተለጥፎ አየሁትና አሳዘነኝ። መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ከማናገር መሥራት ይቀለኛል። ወረቀቱን ልጬ አዲስ አለበስኩት፣ ምራቂ ይሁናቸው ብዬ። ልጣጩን ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ወሰዱት።

በማግስቱ መጥተው ጊታራቸውን ሰኩና አንድ ክር ነኩ። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ ወጣ። እጃቸው እዚያው ክሩ ላይ ቀረ።

“ወረቀቱን ምን አደረግኸው?”

“ቀየርኩልዎ ጋሼ። ተቀዶ ነበር።”

“እሷ ነበረች የለጠፈችው” አሉ። “በተጋባን ዓመት፣ በራሷ ቀለም።”

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አጎቴ ግን አልማረኝም፤ “ጥርስ ንቀል ቢሉት መንጋጋ የሚያወልቅ ልጅ” አለ።

ሦስት ቀን ሞከርን። ወፍራሙን ድምፅ ዝቅ፣ ቀጭኑን መሐል ላይ አድርገው፣ ቫልቮቹ እስኪጨናነቁ ድምፁን ከፍ አስደረጉኝ። ክሩን ሲያባብሉት ለስለስ፣ ሲመቱት ሻከር ማለት ጀመረ። የቀረው የተቀደደው ወረቀት በያንዳንዱ ድምፅ ጭራ ላይ ያንጠለጥለው የነበረው ሲርርር የሚል ድምፅ ነበር። በመጨረሻ አዲሱን ወረቀት የድሮው ቀዳዳ እንደነበረበት፣ ያስታወስኩትን ያህል፣ በምላጭ ቀደድኩት። ቀይ የጥፍር ቀለምም ገዝቼ ለጠፍኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

“ለእኔ ጆሮ ደርሷል” አሉ። “የእሷን አላውቅም።”

ከባድ ስለሆነ እኔው ተሸክሜ ቤታቸው ወሰድኩት። ሚስታቸው መስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጥፍራቸው እንደ ሕፃን ጥፍር አጥሮ ተቆርጧል፤ ቀለም የለውም። ጋሼ ሻካራ አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆነው መጫወት ጀመሩ። የሴትየዋ ጣት ብርድ ልብሱን ቀስ እያለ ሲመታ አየሁ። አምላኬ፣ አሳውቃቸው፣ አልኩ በሆዴ። ዘፈኑ አለቀ።

“ጥሩ ይጫወታሉ” አሏቸው ሚስታቸው በትሕትና። “የኔም ባል ይጫወታል። የእሱ ግን እንዲህ አይደለም።”

ጋሼ ሻካራ እጃቸውን ከክሩ አነሱ።

“አሁን ይመጣል። ወንበሩን ቢለቁለት።”

“እሺ፣ እመቤቴ” አሉና ጊታራቸውን እንደያዙ ተነሡ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ “አጥፋው” አሉኝ።

አጠፋሁት። ቫልቭ ሳይቀዘቅዝ ከተንቀጠቀጠ ይበላሻል፤ ስለዚህ ወዲያው አንሥቼ መውጣት አልቻልኩም። ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቆመን ጠበቅን። ሚስታቸውም በሩን እያዩ ባላቸውን ይጠብቁ ነበር።