ደሴቱ ይለፍ

ማዕቀብ የተጣለበት ሶሻሊስት ደሴት ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከውቅያኖስ መጥቶ የከተማው ሐይቅ ላይ ቆመ። ከዳር ያለው ርቀት አርባ ሜትር ነበር። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት፤ ከዚያ በላይ የተገረመ ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ የትልልቆቹ መንግሥታት ቢሆንም ደሴቱ የቆመው በከተማው ውሃ ላይ ነውና ውሳኔው ወደ ታች ወረደ። ንግዱና ጉዞው እንደገና ይከፈት ወይስ እንደተዘጋ ይቆይ የሚለውን አንድ ኮሚቴ መርምሮ እንዲወስን ታዘዘ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ የሺሐረግ በላቸው ነበረች።

የሺሐረግ ደሴቱ ላይ ወንድም አላት። ጌጡ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለትምህርት ተልኮ ሄደ፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ ማዕቀቡ መጣና መንገዱም ፖስታውም ተዘጋ። እናታቸው በር በተንኳኳ ቁጥር «ጌጡ ነው?» እያሉ ኖረው ሞቱ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጌጡ ሽበታም ሰውዬ ሆኖ ከውሃው ማዶ ቆሟል። በካርቶን ላይ «የየሺሐረግ ወንድም ነኝ» ብሎ ጽፎ ከፍ አድርጎ ይዟል። የእጅ ጽሑፉ አሁንም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። የሺሐረግ ሐይቁ ዳር ደርሳ አየችው። ልትጠራው አፏን ስትከፍት የዳር ጥበቃው ወርዶፋ ፊሽካውን ነፋ። ድምፅም በማዕቀቡ ውስጥ ይካተታል።

«አንድ ቃል ብቻ፣ ወንድሜ» ስትል ወርዶፋን ለመነችው።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ማኅተም ያለበት ይለፍ አምጪ፤ በጀልባ ሄጄ ወንድምሽን ራሴ አመጣልሻለሁ።»

ኮሚቴው ሦስት ቀን ተሰበሰበ። ነጋዴው አቶ ልሳነወርቅ፣ ስኳር በወረፋ በሚገዛበት ከተማ ደሴቱ ላይ ያለውን የስኳር ክምር ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ግፍ ነው አሉ። ጡረተኛው ሻምበል ክንፉ በበኩላቸው ስኳሩ ሲገባ ርዕዮተ ዓለሙም አብሮ ሹልክ ይላል አሉ።

«ለመሆኑ ስኳሩ ቀይ ነው ነጭ?» ሲሉም ጠየቁ።

«ቀይ ነው።»

«አላልኩም?»

የሺሐረግ ይህን ሁሉ በሚያምር ጽሑፍ መዘገበች። ቃለ ጉባኤ ያዥ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው አቶ መንበሩ ሰዓታቸውን አዩ። የቄራው አጥር ጉዳይ ገና አልተነሳም።

«ይሄ ነገር ይለፍ» አሉ።

አጀንዳው ይዘለል ማለታቸው እንደሆነ ለሁሉም ገባቸው። ለየሺሐረግም ገብቷታል። እንደ ደንቡ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብላ መጻፍ ነበረባት። እሷ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችውን ቃል እንዳለ አስቀመጠች፦ «ስለ ደሴቱ፦ ይለፍ።» ሰብሳቢው ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተም ተመታበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሐይቁ ሮጠች።

ወርዶፋ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማኅተሙ ትክክል ነው» አለ።

«በል ጀልባዋን ፍታ።»

«የምን ጀልባ? እዚህ ላይ የሰው ስም አለ? ‹ስለ ደሴቱ› ነው የሚለው። ደሴቱ ይለፍ ማለት ነው።»

«አይደለም! እንደዚያ አይደለም!» አለች። ወረቀቱ ላይ ግን እንደዚያ ነበር።

ወርዶፋ ፊሽካውን ነፍቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አወዛወዘ። ደሴቱ ታዘዘ። ከሐይቁ ወጣ፣ አስፋልቱን ያዘና በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ምዕራብ ማለፍ ጀመረ። ባጃጆች ዳር ያዙለት።

ጌጡ ከእህቱ ፊት ላለመራቅ በደሴቱ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ተራመደ። ስለዚህ ደሴቱ ሲሄድ እሱ ባለበት ቆየ። እሷ አስፋልቱ ዳር ቆማለች፤ በመካከላቸው የአንድ ክንድ ርቀት ነበር። ከእግሩ ሥር የሸንኮራ ማሳ አለፈ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት አለፈ፣ አርባ ዓመት የተኛበት አልጋ አለፈ። ወርዶፋ እንዳልሰማ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረላቸው።

«እማዬስ?» አለ ጌጡ።

«አረፈች።»

«መቼ?»

«ስትጠብቅህ።»

ጌጡ ራሱን ነቀነቀ። ካርቶኑን ጣለው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች የሺሐረግ። «ላንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

የደሴቱ ጫፍ እየቀረበ ነበር። አሥር እርምጃ፣ ከዚያ አምስት።

«ዝለል፣ ጌጡ! አንድ እርምጃ እኮ ነው!»

«ይለፍ የለኝም» አለ።

እጇን ዘረጋች። አየር ጨበጠች። የሺሐረግ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷ ስትሞት ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች።

የመጨረሻው ድንጋይ ከጌጡ ሥር አለፈ። እሱ ግን ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ፣ ከደሴቱ ጫፍ ወዲህ ባለው ባዶ አየር ላይ መራመዱን ቀጠለ፤ ደሴቱም ይጎትተው ጀመር። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ኮረብታ ጋ ሲደርሱ ከርቀቱ የተነሳ ቁመቱ ጣት አክሏል። እግሮቹ ወደ እሷ ይራመዳሉ።