የዘነቡ ማድጋ

ውባለም ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ከወንዙ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለደችም። በገበያ ቀን ድስቷንና ወጭቷን ተሸክማ ከተማ ትወጣለች፣ ከገበያው ጠርዝ ከእንጨት ሻጮቹ በታች ተቀምጣ ትውላለች፣ ያልተሸጠላትን ጓደኛዋ ራቢያ ቤት አስቀምጣ ትመለሳለች። ራቢያ የጨው ነጋዴ ሚስት ናት፤ በዚያ ከተማ ውባለምን «ግቢ፣ አረፍ በይ» የሚላት ቤት የእሷ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ብሎ ይፈራታል፤ ዕቃዋን ይገዛል እንጂ ከደጇ አያልፍም።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ካሣሁን የሚባል ወጣት አስተማሪ ጭቃውን እየዘለለ ከቤቷ ደጃፍ ደረሰ። እሷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበረች።

«እንደምን አደሩ፣ እትየ ውባለም?»

አንቱ ተብላ አታውቅም። ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር አለች።

«ለጃንሆይ የንግሥ በዓል በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን እናዘጋጃለን» አለ ካሣሁን። «የእርስዎንም ሸክላ ብናሳይ ብዬ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ ያሉት?»

«ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ሰው እየዞረ ያያል።»

«አይቶስ?»

«አይቶ ይሄዳል።»

«ሳይገዛ?»

«ሳይገዛ።»

ውባለም ከት ብላ ሳቀች። «እንዲህ ከሆነማ መምህር፣ እኔ በየገበያው የማደርገው ይኸንኑ ነው! ሁሉም አይቶ ነው የሚሄደው።»

እሱም ሳቀ። ሁለት ድስትና አንድ ወጭት መረጠችለት። ሊወጣ ሲል ግን ከጎጆዋ ጥግ የቆመውን ትልቅ የውሃ ማድጋ አየና ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። ማድጋው እንደ በሰለ ፍሬ የቀላ ነው፤ አንገቱን ዙሪያውን የአውራ ጣት አሻራ እንደ ዶቃ ከቦታል፤ አሻራዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል።

«ይህን የመሰለ አይቼ አላውቅም» አለ።

«የእናቴ ነው። አውራ ጣቷን በልጅነቷ እሳት አጥፎት ነበር፤ ስለዚህ ነው አሻራው የዘመመው። ከእጇ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ አልሰጥም።»

ካሣሁን አልለመናትም። ደህና ይዋሉ ብሎ ከአጥሩ ሲወጣ ግን ራሷ ጠራችው።

«ስሟን ትጽፉበታላችሁ?»

«እጽፋለሁ።»

«ዘነቡ ጫኔ ነው ስሟ። አሁኑኑ ይጻፉት፣ እንዳይረሱት።»

ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ፊቷ ጻፈ። በማግስቱ የራቢያ አህያ መጣችና ማድጋው በጭድ ተጠቅልሎ ሄደ።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ውባለም ነጠላዋን አጥባ፣ ራቢያን አስከትላ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። ጋቢ አለ፣ የአክርማ ሙዳይ አለ፣ የበቅሎ ኮርቻ አለ። የእሷም ድስቶች ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጠው አየች፤ ደስታዋን ለመደበቅ አፏን በነጠላዋ ከለለች። ከፊታቸው ወረቀት አለ። ፊደል ስለማታውቅ ካሣሁንን ፈልጋ አገኘችው።

«ምን ይላል?»

«"የእስቴ ወረዳ ሸክላ" ይላል።»

«የእናቴስ?»

ካሣሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «ማድጋው ለጠረጴዛው ከበደው እትየ። ቦታው ደግሞ ለወይዛዝርቱ ጥልፍ ተፈለገ። አለቆቼ... የእንግዳ ውሃ ይያዝበት ብለው ከጓሮ አስቀመጡት። ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮው በር ወጣች።

ማድጋው ከወይራው ጥላ ሥር በሦስት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰው ተሰልፏል። አንድ ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ፀሐዩ የከረረ ስለነበር የማድጋው ሆድ አልቦት ያብለጨልጫል፤ ውሃው የሌሊት ምንጭ ያህል ቀዝቅዟል። ከሰልፉ ፊት የቆመው ተሻገር ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚያርስ፣ ዕድሜው የገፋ ገበሬ። ውባለም ታውቀዋለች። ድስት ሊገዛ ሲመጣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ ውሃ ብታቀርብለት ጠማኝ አላልኩም ይላል። አሁን አንድ ጣሳ ጨልጦ ሁለተኛውን ያስቀዳል።

«እፎይ! ይህ ነው ውሃ!» አለ።

የውባለም ንዴት በረደ። እናቷን አሰበች። ዘነቡ በገበያ ቀን ውሃ ሲጠማት ጣሳ አይሰጧትም ነበር፤ ከንፈሯ እንዳይነካው በእፍኟ ያፈሱላታል፣ ከጣቶቿ መሃል እየሾለከ ግማሹ መሬት ይቀራል። ይኸው ዛሬ አገር ሁሉ ከእሷ ማድጋ ይጠጣል።

ራቢያ ክንዷን ያዘቻት። «ውቤ፣ ዝም በይ። የማን እንደሆነ ከተናገርሽ ይተዉታል። ሳያውቁ ይጠጡ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ስሟ ነዋ የጎደለ።»

«አይ ውቤ...»

ውባለም ግን እጇን አስለቅቃ ወደ ወይራው ሄደች።

«ጋሸ ተሻገር» አለች። «ይህ ማድጋ የእናቴ ሥራ ነው። የዘነቡ።»

አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለችና ምራቋን ተፍታ ከሰልፉ ወጣች። ተሻገር ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። ውሃው እስከ ግማሽ ነው። እንዳይደፋው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ እንዳይጠጣውም ሰው ሁሉ ያየዋል።

«ዘነቡ...» አለ በመጨረሻ። «ያቺ ጣቷ የታጠፈው?»

«አዎ።»

«የሠርጌን ጋን የሠራችው እሷ ናት። ሰባት ጋን። አንዱም ጠብ አላደረገ።» ጣሳውን ትኩር ብሎ አየው። «እኔ ያን ጊዜ ድግሱ ላይ ጥሯት አላልኩም። አባቴም አላለ። ማንም አላለ።»

ይህን ብሎ ቀሪውን ጠጣ፤ ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠራረገና ጣሳውን ከኋላው ለቆመው ሰው ዘረጋ። ሰውየው ጣሳውን ሳይነካ ዘወር ብሎ ሄደ። ቀጥላ የነበረች ልጅ ያዘለች ሴት ተቀበለች፤ ጠጣች፣ ለልጇም አጠጣች። ከዚያ በኋላ የሄደ ሄደ፣ የቀረ ቀረ። ሰልፉ በግማሽ አጠረ እንጂ አልጠፋም።

ካሣሁን ተከትሏት ወጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። ሮጦ ወረቀት አመጣና ስሙን ጽፎ ማድጋው ላይ ሊለጥፍ ሞከረ። ማድጋው ስላላበው ወረቀቱ አልይዝ አለ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ትቶት ከክፍሉ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይዞ መጣ፣ በጠመኔ ጻፈበትና ከድንጋዩ አስደገፈው።

«ያንብቡልኝ» አለችው።

«ማድጋ። የዘነቡ ጫኔ ሥራ።»

«እንደገና።»

እንደገና አነበበላት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ራቢያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችላት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ካሣሁን አንድ ነገር ጠየቃት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባዶ መጋዘን አለ፤ መደርደሪያ አሠርቶ የወረዳውን ሸክላ ዓመቱን ሙሉ ሊያሳይበት ይፈልጋል፤ ማድጋው ይቆይለት ይሆን?

ውባለም አሰበችበት። «ብቻውን ከሆነ አልሰጥም» አለች። «በጎረቤታችን በስማዳም በጋይንትም ሸክላ ሠሪ አለ። የእነሱም ይምጣ፣ የእያንዳንዳቸው ስም ይጻፍ።»

ራቢያ ባሏን አስቸገረችው፤ ባሏም ስማዳ ውስጥ ወዳለችው ወገዳ ጨው ይዘው ለሚወርዱ ነጋዴዎች ነገራቸው። በበጋው አንድ በአንድ መጡ፤ በጭድ የታሸገ ጋን፣ ባለ ሦስት እግር ምድጃ፣ ክዳኑ ላይ ወፍ የተቀመጠችበት ድስት። በተከታዩ ጥቅምት መጋዘኑ ሲከፈት አሥራ አንድ ዕቃ ከነስሙ ተደርድሮ ነበር። ልጄ እዚያ ክፍል እንዳይገባ ብሎ አስተማሪውን የከሰሰ ወላጅ አልጠፋም። ካሣሁንም ከአለቆቹ ዘንድ ተጠርቶ ተወቅሷል። ክፍሉ ግን አልተዘጋም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚያ ቀን መጡ፤ ከስማዳ ሁለት፣ ከጋይንት አንዲት አሮጊት በበቅሎ። እስከዚያ ድረስ አንዳቸው የሌላዋን ሥራ አይተው አያውቁም ነበር። አሮጊቷ መደርደሪያውን ዞር ዞር ብለው አዩና ባለ ወፏን ድስት በጥፍራቸው ጠቅ አደረጉት።

«ይህችን ማን ሠራት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች አንዷ የስማዳ ሴት፣ ፈራ ተባ እያለች።

«ወፏ ደግ ናት። ጭቃሽ ላይ ግን የተፈጨ ገል አብዝተሻል።»

«ገል ካላበዛሁ እሳት ይሰነጥቅብኛላ።»

«እሳቱን ነዋ የምታቻኩይው!» አለች ውባለም ጣልቃ ገብታ። «ኩበቱን በአንዴ አትከምሪ።»

አራቱም ሴቶች መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ስለ ጭቃ፣ ስለ ገል፣ ስለ እሳት ተከራከሩ። ካሣሁን በሩን ሊዘጋ መጥቶ አያቸውና ቁልፉን ከመዝጊያው ላይ ትቶላቸው ሄደ።