ከአምስት አምስት ያገኘ እንቅልፋም

የባለቤቴ እናት የተቀበሩ ዕለት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተኛሁ። ማንቀላፋት አይደለም፤ ተኛሁ፣ ያውም እያንኮራፋሁ። አልቃሿ ሳትቀር ዝም ብላ አየችኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ መስታወት ዘመሮ ከተማ አባቷ ቤት ቀረች፤ እኔም እዚህ ሞላሌ ብቻዬን ስምንት ወር ከረምኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ጠመኔ እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስንፍና ነው ያላለኝ የለም። እኔም ብየዋለሁ።

ሽማግሌ ብልክ አማቴ አቶ ገብረየሱስ ቁርጡን ተናገሩ።

"ሰነፍ ከሆነ ልጄ አትመለስም። በሽታ ከሆነ ግን የታመመ ባል አይጣልም፤ እኔው ይዣት እመጣለሁ። የሐኪም ወረቀት ያሳየኝ።"

አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሌሊቱን እዚያው አሳደሩኝና ጠዋት ሲስተር ስንታየሁ የሚባሉ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ነርስ፣ ራሴ ላይ የተለጣጠፈውን ሽቦ እያስተካከሉ አስረዱኝ። በየሁለት ሰዓቱ፣ አምስት ጊዜ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሃያ ሃያ ደቂቃ እጋደማለሁ። ማሽኑ በስንት ደቂቃ እንቅልፍ እንደወሰደኝ ይቆጥራል። ቶሎ ከተኛሁ ሕመሜ ታወቀ ማለት ነው።

"እንቅልፍህን አትታገለው፣ ልጄ። ሲመጣ ተኛ" አሉኝ።

ገብቶኛል። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ቤት፣ እሳቸው ቁጭ ብለው በካሜራ እያዩኝ እንዴት ልተኛ? በእኛ አገር ትልቅ ሰው ተቀምጦ የሚጋደም ወይ ሕመምተኛ ነው ወይ ባለጌ፤ እኔ ደግሞ ሕመምተኛነቴ ገና አልተመሰከረልኝም። ዓይኔ ሊከደን ሲል ያ ድንኳን ይመጣብኛል። ምላሴን ነከስኩ። ዳዊት ደገምኩ። ጭኔን ቆነጠጥኩ። አምስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሳልተኛ ወጣሁ፤ ማታ ሳየው ጭኔ በልዟል።

ውጤቱን ለአማቴ ብዬ ሐኪሙን በአማርኛ አስጻፍኩት። "ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ አልተገኘበትም" ይላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከአምስት አምስት! የሠራሁት ሥራ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ተመልሼ እውነቱን ልናገር ብል አፈርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ለልጆች አስተምሬያለሁ እኮ።

ቅዳሜ አማቴ ወረቀቱን ሊያዩ መስታወትን ይዘው ቤቴ መጡ። ከስታለች። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ያን ፈገግታ ስምንት ወር ናፍቄዋለሁ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሲጨርሱ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቤቱ ባዶ ነው። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። የመስታወት የሠርግ ሣጥን ከግድግዳው ሥር የለም። ያን የሚያህል ሣጥን ሲጎተት አልሰማሁም።

ጎረቤቴ አስካለ ማርያም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አባትየው 'ጤነኛ ነው ይላል ወረቀቱ፤ እኔን ንቆ ነው የተኛው' ብለው ወጡ" አለችኝ። "እሷ ግን ቆየች። ሦስት ጊዜ ጠራችህ። በሦስተኛው እያለቀሰች ነበር።"

"ስንት ደቂቃ ጠበቀችኝ?" አልኳት።

"ማን ቆጠረው" አለችኝ።