እንቁላል የማይሰበርበት ቤት

«ነፍሷን ይማረውና፣ ወርቅአየሁ እንቁላል ከምትሰብር ጥርሷን ብትሰብር ይሻላት ነበር» አሉ ጎረቤቷ እትዬ እታለማሁ። በለቅሶ ቤቱ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ለክፋት አልነበረም። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነው፤ እንባው ደርቋል፣ ሐዘንተኛም ቢሆን ትንሽ ሳቅ ያምረዋል። ወርቅአየሁ ደግሞ ዳንግላ ላይ ሃያ ዓመት ሻይ ቤት ይዛ ስትኖር ኬኳ የታወቀው በሌለው ነገር ነበር። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። የስንዴ ዱቄት በማርና በኑግ ዘይት ተለውሶ፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ተደርጎበት፣ በጣሳ ውስጥ ከላይም ከታችም በፍም ይጋገራል። በጾም ሰው ይሻማበታል። ፋሲካ ደርሶ ሰው ሁሉ በቅቤና በእንቁላል ሲገድፍም እሷ ያንኑ ታቀርባለች። ቆንቋና የሚል ስም የወጣላት በዚህ ነው።

አንድ ልጇ ደርበው ከወንዶቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ አቶ ሀብቱ አሉ፤ ለመጪው ጥር ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል የገቡ፣ ለቅሶውን ሰምተው ከቆሰበር በበቅሎ የመጡ ሰው ናቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ ደርበውን አንገበገበችው።

አምስት ዓመቱ ላይ ሰዎች የሰጡትን ቅቅል እንቁላል በልቶ ፊቱ ተነፋ፣ ገላው በሽፍታ ተሞላ። አንዲት ሴት አይታው «ቁምጥና ይሆን እንዴ?» ብላ ስታንሾካሽክ እናቱ ሰማች። ንብ ነድፎት ነው ብላ ሸኘቻት። ወተትም ቅቤም እንዲሁ እንደሚያደርጉት ስታውቅ ሦስቱንም ከቤቷ አስወጣች። እሱ ብቻ ቢከለከል ሰው ለምን ይላል፤ ስለዚህ ራሷም ተወች፣ እንግዳም አጣ። በጣሊያን ጊዜ ካምፕ ውስጥ ጋጋሪ ሳለች የተማረችውን ባለ አሥር እንቁላል ኬክ አንድ አንዱን እየቀነሰች ለልጇ የሚሆን አደረገችው። አንድ ቀን ከማኅበር ተሰድባ ስትመለስ ደርበው አለቀሰ። እሷ ግን በአገውኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቆንቋና መባል አያሳክክም፣ ልጄ» አለችው።

አሁን ዝም ቢል እናቱ በዚህ ስም ተቀብራ ትቀራለች። ቢናገር ደግሞ በሽታ ያለበት ቤት ማን ልጁን ይድራል? አንገቱን ቀና አደረገ።

«እትዬ እታለማሁ፣ እናቴ ቆንቋና አልነበረችም» አለ። «እንቁላልም ወተትም ቅቤም የማይስማማኝ እኔ ነኝ። ስበላ አብጣለሁ። እኔን ቆማጣ እንዳትሉኝ ስሙን እሷ ተሸከመችልኝ።»

 አቶ ሀብቱ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ሕመሙ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቁት። እናቱ ሃያ አራት ዓመት አብራው ስትኖር አንድ ቀን እንኳ አሳክኳት እንደማያውቅ ነገራቸው። 

«ታዲያ» አሉ አቶ ሀብቱ፣ «ልጄ ያንን ኬክ አሁን ከማን ልትማር ነው?»

ደርበው በልቡ እናቱን አመሰገነ፤ ቀብሯ ላይ ያላወጣው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣበት። እትዬ እታለማሁ ተነስተው ወጡ።

በማግስቱ ጎረቤት እዝን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ደርበው የሚመጣው ወጥ ሁሉ ቅቤ ስላለበት እስከዚያ ቀን ድረስ እንጀራ በበርበሬ ብቻ ነበር የሚበላው። ፊቱ በርከክ ብለው እንጀራውን ባመጡት ሽሮ አጠቀሱ።

«ብላ፣ ደርቤ። ድስቱን ሦስት ጊዜ በአመድ ፈትጌዋለሁ። የቅቤ ሽታ እንኳ የለበትም» አሉት። ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጉ።

ጎረሰ። ውጦ ሲጨርስ፣ ያ ትልቅ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተላቸው።