ባዶ የተባለው ቀረጻ

በያጁ የኮምፒውተር ባለሙያውን አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር ሲያላጋው መነጽሩ ወድቆ ተሰበረ።

የበያጁ ታናሽ ወንድም መንጋጋው ወልቆ ሆስፒታል ተኝቷል። ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ በብረት የቀጠቀጠው የፈረቃ ኃላፊው ነው፤ ካሜራውም ከአናታቸው በላይ ነበር። ጠዋት ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ቀረጻውን ሲጠይቅ ግን ባለሙያው ስክሪኑን በጨረፍታ አየና ፋይሉ ባዶ ነው አለ። የፈረቃ ኃላፊው እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ወንድሜን በስንት ሸጥከው?" አለ በያጁ።

"ለማንም አልሸጥኩም። ልቀቀኝና ላሳይህ።"

በያጁ መጀመሪያ በቡጢ አፉን አለው፤ ከዚያ ለቀቀው። ባለሙያው ደሙን በእጅጌው ጠርጎ፣ ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ሌላ ክፍል ካለው ሰርቨር የፋይሎቹን ዝርዝር በኔትወርክ አስመጣ። የዚያ ቀረጻ ስም አለ፤ መጠኑ ዜሮ፣ ቀኑም የለም። በያጁ ባለሙያው የተቀመጠበትን ወንበር በእርግጫ ከሥሩ ገለበጠው።

ቀን የሌለው ፋይል የት አለ? ባለሙያው ከወለሉ ሲነሳ ነገሩ በራለት። ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ስሙን ብቻ ልኮ መጠኑንና ቀኑን ይዘላል፤ የቀረውን ለብቻው ጠይቁኝ ማለቱ ነው። የእሱ ፕሮግራም ደግሞ ያልተነገረውን ሁሉ ዜሮ ብሎ ይሞላል። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት ሰዎች ይህን ሰርቨር አላዩትም። ባለሙያው በራሱ አፈረ።

ፋይሉን በስሙ ለይቶ ጠየቀ። መጠኑ መጣ፤ ሙሉ ነበር። ከፈተው።

ብረቱ ሲወርድ አዩ። ልጁ ከወደቀ በኋላም ሲወርድ አዩ። በያጁ መዶሻውን ከመሣሪያ ቦርሳው አውጥቶ ወደ በሩ አመራ። ባለሙያው ግን ቀድሞት በሩን በጀርባው ዘጋ።

"ዞር በል፤ አንተንም እደርብሃለሁ።"

"ገድለኸው ስትታሰር ወንድምህን ማን ያስታምመዋል?"

መዶሻው ተነሳ፤ ከባለሙያው ጆሮ አጠገብ በሩን ሰነጠቀው። ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኖ ከቦታው አልተነቃነቀም። በያጁ ድጋሚ ሊሰነዝር እጁን ካነሳ በኋላ ክንዱ ዛለበት፤ መዶሻውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ባለሙያው ስልኩን አወጣ። ኔትወርኩ ነው ያሳሳተኝ ቢል ማንም አይነቃበትም፤ እውነቱን ከተናገረ ግን የእንጀራ ገመዱ ሊበጠስ ይችላል። ለፖሊሱ ደወለ።

"ጠዋት ባዶ ነው ያልኩዎት ቀረጻ ሙሉ ነው፤" አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። "ማሽኑ አልዋሸም። እኔ ነኝ ሳልጠይቀው የመሰከርኩት።"