የወንዝ ዋስ

ጽጌሬዳ ደባርቅ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ይፈሯታል፤ ክረምቱን የምታሳልፍበት የትውልድ መንደሯ ግን ይስቅባታል። ምክንያቱ ቀይ ጨርቅ ነው።

መንደርተኛው ከዳባት ገበያ ሲመለስ አንድ ወንዝ በእግሩ ይሻገራል። የውሃውን ጉልበት የሚለካ መለኪያ መሃሉ ላይ ቢተከል ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጽጌሬዳ መለኪያዎቿን መሻገሪያው ጥግ ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ ከውሃው ስር ሰካች። ግንቡን የሚነካው ግፊት ላፕቶፗ ውስጥ ይገባል፤ ስሌቷም ከዚያ ተነስቶ የመሃሉን ጉልበት ይገምታል። ስሌቱ ቀጥተኛ ነው፤ በግንቡ ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ሲሆን ግምቱም እጥፍ ይሆናል። የሚያሰጋ ከሆነ ቀይ ጨርቅ ትሰቅላለች፣ ካልሆነ ነጭ።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ስሌቱ ግን ፈሪ ወጣ። ግንቡን የነካች ሞገድ ሁሉ መሃል ላይ እንደ ደራሽ ጎርፍ ትታየው ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚት በማይደርስበት ቀን ሳይቀር ቀይ አሰቀላት።

«የጽጌ መሣሪያ ጤዛም ያስበረግገዋል» አለች ጎረቤቷ ስጦታ። ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ። ጽጌሬዳን ያስጨነቃት ሳቁ አልነበረም። እውነተኛው ቀይ የተሰቀለ ቀን ማን ያምናታል?

ደባርቅ ሄዳ ከስሌቱ ጋር ስትታገል ሰነበተች፤ ስህተቱንም አገኘችው። ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አዙሪቶች የትልልቆቹን ጉልበት ይበላሉ፤ ውሃውን እንደ አጥሚት ያወፍሩታል። ያንን ውፍረት ረስታው ኖሯል። አሁን ጨመረችው፤ ግንቡ አጠገብ አሳንሳ፣ ከግንቡ ራቅ ሲል አብዝታ። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ባለው የውሃ ቦይ ብትሞክረው ግምቱና ልኩ ተቀራረቡ። ስሌቱ አደብ ገዛ።

በመስከረም መጀመሪያ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ገበያተኛው ከዳባት ሲመለስ ወንዙ ዳር ቆመ። ውሃው ደፍርሶ ይንፎለፎላል፤ ያስፈራል። ስሌቱ ግን የመሃሉ ጉልበት ትንሽ ነው አለ። ከደባርቅ ተመልሳ ከገበያተኛው ጋር ያለችው ጽጌሬዳ ነጩን ሰቀለች።

ማንም አልተነቃነቀም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለ አንዱ። አባቷ አቶ ሀብተ ሚካኤል በቅሏቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ።

«ያሻግራል ነው የምትይኝ?»

«ያሻግራል አባባ። ጩኸቱ ላይ ላዩን ነው።»

«እንግዲያው ደንቡን ታውቂያለሽ። ወንዙ ያሻግራል ያለ ሰው፣ ዋሱ እሱ ነው፤ ቀድሞ ይገባል።»

ታውቀዋለች። ይሁንና እስከ ዛሬ በስሌቷ ምክንያት ቅደሚ ያላት ሰው አልነበረም። በጣም ፈራች። ስሌቱን በልቧ እንደገና ሄደችበት፤ የምትለውጠው ነገር አላገኘችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገባች።

ውሃው ከጉልበቷ ሲያልፍ አጠገቧ የእግር ድምፅ ሰማች። አባቷ የበቅሏቸውን ልጓም ለስጦታ ሰጥተው ገብተዋል። የሚራመዱት ከእሷ በታች፣ ውሃ የወሰደውን ሰው የሚይዝ በሚቆምበት በኩል ነው።

«አላመኑኝም ማለት ነው?»

«ያላመንሁትማ ወንዙን ነው። አንቺን ባላምን መች እገባ ነበር? ይልቅ ተራመጂ።»

መሃሉን ሲያልፉ ውሃው ከጭኗ አልዘለለም። ማዶ ወጥታ ዞር ብትል፣ ስጦታ በቅሎዪቱን እየጎተተች ገብታለች፤ ገበያተኛውም ተከትሏታል። አባቷ ግን አልወጡም። የመጨረሻው ሰው እስኪሻገር ከሰዉ በታች መሃል ውሃ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ጽጌሬዳ ተመልሳ ገባችና ከእሳቸው በታች ቆመች።