ሦስተኛው ብርጭቆ

ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለችው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደርኩ። በግራው ሻይ፣ በቀኙ ወተት አለ። ሦስተኛው ባዶ ነው።

«በፕሮግራም ቋንቋ ተለዋዋጭ ማለት ስም የተለጠፈበት ዕቃ ነው» አልኳቸው ተማሪዎቼን። «ይሄ ግራ፣ ይሄ ቀኝ። ሻዩ ወደ ቀኝ፣ ወተቱ ወደ ግራ ይሂድልኝ።»

«ብርጭቆዎቹን ቦታ ማቀያየር ነዋ!» አለች ሃኒ።

«ብርጭቆው ከቦታው አይነቃነቅም። የሚለወጠው ውስጡ ነው።»

«እንግዲያው ሻይ በወተት አድርጎ መጠጣት ነው» አሉ ጋሽ ዘርትሁን፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ክፍሉ ሳቀ።

ሻዩን ወደ ባዶው አዛወርኩ፤ ወተቱን ወደ ግራ፤ ከዚያ ሻዩን ወደ ቀኝ። «ሦስተኛውን ማን እንበለው?»

«አደራ» አሉ ጋሽ ዘርትሁን። «የሰው ነገር ተቀብሎ፣ ጠብቆ ያስረክባል።»

ወደድኩት። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና ቅያሬውን በኮምፒውተር ኮድ እንዲሞክሩት ነገርኳቸው።

የማሠልጠኛው ባለቤት ማዕዶት አብሮ አደጌ ናት፤ ከእንጦጦ ሥር በአንድ ግቢ አድገናል። ፊንላንድ ተምሬ እዚያው ሥራ ይዤ ሳለሁ ደወለችልኝ። «ሰላሙ ማስተማሩን ትቶ ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር አንድ ቢሮ ተቀጥሯል» አለች፤ ሰላሙ ባሏ ነው። «ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ለዘለቄታው። ነይ።» ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ፤ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። እዚያ ስሆን እዚህ፣ እዚህ ስሆን እዚያ የሚያምረኝ ሰው ነኝ። በዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ ሐሳቤ ጋብ ይልልኛል።

በሩ ተከፈተ። ማዕዶት ገባች፤ ሰላሙ ተከትሏታል።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አለች ለተማሪዎቹ። «መምህራችሁ ተመልሷል። ከሰኞ ጀምሮ እሱ ነው።»

ሰላሙ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ሥርጉትዬ፣ የቢሮው ውሌ እስኪያልቅ ቦታዬን ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ማዕዶትን ክንዷን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋት። «ከመጀመሪያውም እንደሚመለስ ታውቂ ነበር?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ታውቂ ነበር?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?» አለች። ክንዷን ከእጄ አስለቀቀች። «ደሞ አንቺ እዚህ ላትቆዪ! ፊንላንድ ልመለስ ይሆን እያልሽ ያለቀስሽው ትከሻዬ ላይ አይደል? አደራሽን ተወጥተሻል፤ ምን ቀረብሽ?»

ያንን ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«አደራ ብለሽ አልሰጠሽኝም» አልኳት። «ያንቺ ነው ብለሽ ነው።»

ትቻት ገባሁ። የሚስቅ አልነበረም። ሰላሙ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ሃኒ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች።

«ቲቸር፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ግራና ቀኝ ተቀያይረዋል፤ አደራ ግን ባዶ አልሆነም። አሁንም ሻይ ነው የሚለው።»

አየሁት። ልክ ናት።

«አልተበላሸም። የተሳሳተው የኔ ምሳሌ ነው» አልኩ። «ብርጭቆ ሲሰጥ ይጎድላል። ተለዋዋጭ ግን ለሌላው ሰጥቶም ያለውን እንደያዘ ነው፤ ሌላ ነገር እስኪሰጡት ድረስ።»

«ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ዘርትሁን፣ ሰላሙን ገልመጥ አድርገው።

«ፕሮግራሙ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። እስከዚያ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚጠራው የለም እንጂ።»

«እኔ እጠራዋለሁ» አሉና በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ «አደራ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

ማዕዶት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እስከ ዓርብ ትጨርሺላቸዋለሽ አይደል?» አለች፣ ልስልስ ባለ ድምፅ።

ማርከሩን ሰላሙ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። «ሰኞን ምን አስጠበቀው? መምህራቸው መጥቷል።»

ብርጭቆዎቹ ከቤቴ የመጡ ናቸው። ሁለቱን ከነሻዩና ከነወተቱ ተውኳቸው። ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ።

ወደ መሪ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ እርጥበት ተሰማኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ባዶ ያልኩት ብርጭቆ ሥር የቀረው ሻይ ፈስሶ ቀሚሴን አበላሽቶታል።